አኩሪ አተርና የሠራተኛው ማዕድ በጂዛን፦ ጥቅሙ፣ ልኩና ጥንቃቄው

ከየመን ጋር በሚዋሰነው የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በጂዛን ከተማ፣ በሳብያ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣ፣ በአሐድ አል-ማሳሪሓና ለድንበሩ በቀረበችው አጥ-ጡዋል ኑሯቸውን የሚገፉ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ከፊሉ በግንባታና በእርሻ፣ ከፊሉ በእረኝነት፣ ከፊሉ በሱቅና በምግብ ቤት፣ ብዙ ሴቶች ደግሞ በቤት ውስጥ ሥራ ተሰማርተዋል። የሥራቸው ዓይነት ቢለያይም የብዙዎቹ ማዕድ ይመሳሰላል። ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሲገኝም ዶሮ ነው። ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ ላለመንካት ሲባል ወጪ የሚቀነሰውም ብዙውን ጊዜ ከምግብ ላይ ነው።

በዚህ መካከል ስለ አኩሪ አተር የሚነገረው እየበዛ መጥቷል። አንዳንዱ ኮሌስትሮልን የሚያወርድ፣ ካንሰርን የሚከላከልና ስኳርን የሚያስተካክል መድኃኒት አድርጎ ያቀርበዋል። ሌላው ደግሞ የወንድን ሆርሞን ያዛባል፣ ሴትን ለጡት ካንሰር ይዳርጋል ሲል ያስፈራራል። ሁለቱም ወሬዎች በተንቀሳቃሽ ስልክ በፍጥነት ይዛመታሉ፤ ሁለቱም ግን ከማስረጃው ይርቃሉ። ሠራተኛው ማወቅ የሚገባው አኩሪ አተር በማዕዱ ላይ ምን ሊተካ እንደሚችል፣ ምን እንደማይችልና በጂዛን ምድር በተለይ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ነው።

ከጳዌ ማሳ እስከ ፋፋ

አኩሪ አተር ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ወደ አገሪቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ በኋላ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ መተከል፣ በጅማ፣ በወለጋና በምዕራብ አማራ ቆላማ አካባቢዎች ተስፋፋ። የጳዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም የተሻሻሉ የአኩሪ አተር ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃል። ስሙ ራሱ «የሚያኮራ አተር» ማለት ነው፤ ሆኖም ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ጋር ሲነጻጸር በኢትዮጵያ ቤቶች ማጀት የተሰጠው ቦታ እስካሁን ጠባብ ነው። ከምርቱ ብዙው ለዘይት መጭመቂያ፣ ለእንስሳት መኖና ለውጭ ገበያ ይውላል።

ቢሆንም ብዙዎች ሳያውቁት ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን የሥነ ምግብ ትብብር የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ፋፋ፣ የእህልን ዱቄት ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ ሕፃናትን ከምግብ እጥረት ለመታደግ የታሰበ ነበር። በድርቅ ዘመን ለእናቶችና ለሕፃናት ሲታደል የኖረው ፋሚክስም በዋናነት የተቆላ በቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት ድብልቅ ነው። አኩሪ አተር በእነዚህ ምግቦች ውስጥ የተመረጠው ሥጋና ወተት በማይደርሱበት ቦታ የሰውነት ገንቢ የሆነውን ፕሮቲን በርካሽ ዋጋ ስለሚያደርስ ነው። ዛሬ በጂዛን በሩዝና በዳቦ ብቻ ውሎ ለሚያድር ሠራተኛም የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖር ሰውም ቢሆን አኩሪ አተርን በተዘዋዋሪ መንገድ በየቀኑ ይመገባል። በዓለም ከሚመረተው አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ገደማው የእንስሳት መኖ ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚረቡ ዶሮዎችም የሚቀለቡት በአመዛኙ ከውጭ በሚገባ በቆሎና በአኩሪ አተር ፋጉሎ ነው። ሰው በቀጥታ በምግብነት የሚጠቀምበት ከጠቅላላው ምርት ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የሠራተኛው ጥያቄ እንግዲህ በዶሮው በኩል ዞሮ የሚደርሰውን ነገር በቀጥታና በአነስተኛ ዋጋ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ነው።

የሳህኑ ሒሳብ

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሪፖርት፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ነው።

መቶ ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ የያዘው ፕሮቲን ሦስት ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው 50 ግራም ፕሮቲን ከሩዝ ብቻ ላግኝ ቢል በቀን ከ1.8 ኪሎ ግራም በላይ የበሰለ ሩዝ መብላት ይኖርበታል። እንዲህም ሆኖ የሚያገኘው ፕሮቲን ጎደሎ ነው፤ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ዳጉሳ ላይሲን የሚባለው አስፈላጊ ንጥረ ነገር ያንሳቸዋልና። መቶ ግራም የበሰለ ምስር ግን ወደ 9 ግራም፣ መቶ ግራም የበሰለ አኩሪ አተር ደግሞ ወደ 17 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ጥሬው እህል ሲመዘን ከአኩሪ አተር ክብደት ከሦስት እጅ አንድ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ከምስርና ከሽምብራ በጉልህ ይበልጣል።

ከመጠኑም በላይ ጥራቱ ይለየዋል። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ሰውነት በራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን ዘጠኙን አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች ሁሉ ይዟል፤ በላይሲንም የበለጸገ ነው። ስለዚህ ከእህል ጋር ሲቀላቀል የእህሉን ጉድለት ይሞላል፤ እህሉ ደግሞ በአኩሪ አተር ዘንድ አነስ የሚለውን ሜታዮኒን ይጨምርለታል። የኢትዮጵያ እናቶች ሽሮን ከእንጀራ፣ ቆሎን ከሽምብራ፣ ንፍሮን ስንዴና ባቄላ ቀላቅለው ሲያቀርቡ የኖሩበት ጥበብ ይኸው ነው። የጂዛን ገበሬዎችም ማሽላና ዳጉሳን በተራራውና በሜዳው ሲያመርቱ ኖረዋል። የዚያ እህል ዳቦ ከጥራጥሬ ወጥ ጋር ሲቀርብ ለሁለቱም ሕዝቦች የሚስማማ ሙሉ ምግብ ይሆናል።

በአገር ቤት የጾም ሥጋ እየተባለ የሚታወቀው፣ በሳዑዲ ከተሞችም የእስያ ሸቀጥ በሚሸጥባቸው ሱቆች የሚገኘው ደረቁ የሶያ ቁራጭ ዘይቱ የወጣለት በመሆኑ ግማሽ ክብደቱ ፕሮቲን ነው። ከእርሱ 50 ግራም ደረቁን ዘፍዝፎ በሽንኩርትና በቲማቲም ወጥ የሠራ ሰው 25 ግራም፣ ማለትም የቀን ፍላጎቱን ግማሽ ያህል ያገኛል። ዋጋው ከበግ ሥጋ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት የእርሻ ወይም የእረኝነት መኖሪያም ደርቆ እስካለ ድረስ አይበላሽም።

ስለ ልብ የተባለውና የተረጋገጠው

የአኩሪ አተር ዝና በዓለም የናኘው በልብ ጤና ምክንያት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ የረጋ ስብና ኮሌስትሮል አነስተኛ በሆነበት አመጋገብ ውስጥ ሲወሰድ የልብ በሽታን አደጋ ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በምርቶች ማሸጊያ ላይ እንዲሰፍር ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ውጤቱ መጀመሪያ እንደታሰበው ትልቅ እንዳልሆነ አሳዩ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቶቹን መርምሮ በብዛት የተወሰደ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ጎጂውን ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በጥቂት በመቶ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱም እ.ኤ.አ. በ2017 ማስረጃው ወጥ አይደለም በማለት ፈቃዱን ለመሻር ሐሳብ አቀረበ።

ይህ ማለት አኩሪ አተር ለልብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የልብ ማኅበሩም ቢሆን የአኩሪ አተር ምግቦች ስብ የበዛበትን ሥጋ ሲተኩ ጥቅም እንዳላቸው ተቀብሏል። ምክንያቱም የረጋ ስባቸው ትንሽ፣ አሠራቸው ብዙ፣ ዘይታቸውም ለልብ ከሚስማማው ዓይነት ነው። ጥቅሙ የሚገኘው በመተካት ነው። በየምሽቱ በስብ የተጠበሰ ሥጋ ይበላ የነበረ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን በጥራጥሬ ቢተካው ይጠቀማል። ያንኑ ሥጋ በልቶ በላዩ የሶያ ወተት የሚጨምር ሰው ግን ያተረፈው ነገር ጥቂት ነው።

ስለ ስኳር ሕመምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አኩሪ አተርም ሆነ ሌላው ጥራጥሬ ከነጭ ሩዝና ከነጭ ዳቦ ይልቅ ስኳርን ወደ ደም የሚለቀው በዝግታ ነው። ስለዚህ ከሳህኑ ሩዝ ከፊሉን ቀንሶ በጥራጥሬ የተካ ሰው የስኳሩን መዋዠቅ ይቀንሳል፤ ጥጋቡም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህ ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አያስቀርም። መድኃኒቱን ትቶ በአኩሪ አተር የሚታመን ሕመምተኛ ራሱን ለከፋ ጉዳት ያጋልጣል።

የሆርሞን ወሬ

አኩሪ አተር አይሶፍላቮን የተባሉ፣ በመልካቸው ኤስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ፍርሃቱ ሁሉ የተወለደው ከዚህ መመሳሰል ነው። ነገር ግን መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ከእውነተኛው ሆርሞን እጅግ የደከመ ነው። በወንዶች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች በአንድነት ሲገመገሙ፣ አኩሪ አተር መብላት የወንዱን ሆርሞን ቴስቶስተሮንን እንደማይቀንስ ታይቷል። በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ ጉልበቴን ይነሣኛል ብሎ የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ስለ ጡት ካንሰርም ወሬው ከማስረጃው ተቃራኒ ነው። በቻይና ሻንጋይ ከተማ የጡት ካንሰር ይዟቸው የታከሙ 5,042 ሴቶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ የአኩሪ አተር ምግብ በብዛት የሚመገቡት ሴቶች በሽታው የማገርሸቱም ሆነ የሞት አደጋቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሴቶች ይመገቡ የነበረው ግን እንደ ቶፉና የሶያ ወተት ያለውን የተለመደ ምግብ ነው፤ በእንክብል ተጨምቆ የሚሸጠው አይሶፍላቮን ሌላ ጉዳይ ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለች ሴት እንክብሉን ያለ ሐኪሟ ምክር ልትወስድ አይገባትም።

በማረጥ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን የሚያስቸግረው የሰውነት ትኩሳትና ላብ በአኩሪ አተር በመጠኑ ሊቀልል እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። የጂዛንን ሙቀትና ወበቅ ለምታውቅ ሴት ይህ ትንሽ እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከሰው ሰው ይለያያል።

በጂዛን ልዩ ጥንቃቄ፦ ፉልና የደም መፍረስ

ጥራጥሬ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጎንደር ደምቢያና ፎገራ የኖረ ሰው ጓያ በችግር ዘመን ያለ ልክ ሲበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ ያውቃል። በጂዛንም ልብ ሊባል የሚገባው ጥራጥሬ አለ፤ እርሱም በየማለዳው በተሚስ ዳቦ የሚበላው ፉል፣ ማለትም ባቄላ ነው።

የጂዛን ክልል ለረጅም ዘመን የወባ ምድር ሆኖ ኖሯል። ወባ በኖረባቸው አካባቢዎች ደግሞ በዘር የሚተላለፉ የደም ጠባዮች በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ነው። በዓረብኛ ሕዝቡ «አኒሚያ አል-ፉል»፣ የባቄላ ደም ማነስ ይለዋል። ይህ እጥረት ያለበት ሰው፣ ከሁሉም በላይ ወንድ ሕፃን፣ ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ሊፈርሱ ይችላሉ። ምልክቶቹም የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ መገርጣት፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ናቸው። ይህ ሲታይ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ለወባ የሚሰጠው ፕሪማኪንን የመሰለ መድኃኒትም ይህንኑ አደጋ ስለሚያስከትል፣ እጥረቱ ያለበት ሰው መድኃኒት ከመቀበሉ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ይህ ጉዳይ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ እህቶችን በቀጥታ ይነካል። ሕፃናትን የምትንከባከብ ሠራተኛ በአገር ቤት ልማድ ባቄላ የማይጎዳ ምግብ መስሎ ሊታያት ይችላል። ስለዚህ ሥራ በጀመረች ሰሞን የሕፃኑ እናት የትኛውን ምግብ እንደምትከለክል፣ በተለይም ፉልን በተመለከተ፣ ጠይቃ መረዳት ይገባታል። አኩሪ አተር ከባቄላ የተለየ ጥራጥሬ ነው፤ በዚህ ሕመም ዋናው ተከልካይም ባቄላ ነው። ይሁን እንጂ እጥረቱ ላለበት ሕፃን አዲስ ጥራጥሬ ከመስጠት በፊት የሚከታተለውን ሐኪም መጠየቅ የተሻለ ነው።

በሕፃናት ረገድ ሌላም ማስታወስ የሚያሻው ነገር አለ። በካርቶን የሚሸጠው ተራ የሶያ ወተት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡትን ወይም ለሕፃናት የተዘጋጀውን ወተት አይተካም። አኩሪ አተር አለርጂ ከሚቀሰቅሱ ዋና ዋና ምግቦች አንዱ በመሆኑም፣ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምሰው በጥቂቱ መጀመርና የቆዳ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የአተነፋፈስ ችግር እንዳይከተል መከታተል ያስፈልጋል።

ከአዋቂዎች መካከል ሁለት ወገኖች ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። አንደኞቹ ለታይሮይድ ዕጢ ሕመም ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ናቸው፤ አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያደናቅፍ በመካከላቸው የሰዓታት ልዩነት ሊኖር ይገባል። የእንቅርት ችግር ከተስፋፋበት ደጋ የመጡ ሰዎችም አዮዲን ያለበት ጨው መጠቀማቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። ሁለተኞቹ የኩላሊት ሕመምተኞች ናቸው፤ የፕሮቲናቸውና የፖታሲየማቸው መጠን የሚወሰነው በሐኪም ነው።

ደም ማነስ፣ ሻይና ማንጎ

አኩሪ አተር ብረት አለው፤ ነገር ግን እንደ ሌላው ጥራጥሬና እህል ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ብረቱን ሰውነት በቀላሉ አይቀበለውም። መዘፍዘፍ፣ ማብቀል፣ መቁላትና ማቡካት ይህን ንጥረ ነገር ይቀንሱታል። እንጀራ በእርሾ መቡካቱ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው፤ ኢንዶኔዥያውያን ቴምፔ የሚሉት፣ ጃፓኖች ናቶ የሚሉት የአኩሪ አተር ምግብም በዚሁ የማብላላት ጥበብ የተሠራ ነው።

በሠራተኛው ማዕድ ላይ ብረትን ከሁሉ ይበልጥ የሚያባክነው ከምግብ ጋር የሚጠጣው ጥቁር ሻይና ቡና ነው። ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ በተለይ ለሴቶች ደም ማነስ ትልቅ ፋይዳ ያለው ልማድ ነው። በአንጻሩ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ፍራፍሬ በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ እንዲሰርጽ ያግዛሉ። ጂዛን በዚህ የታደለች ምድር ናት፤ ማንጎዋና ፓፓያዋ በመላው ሳዑዲ ይታወቃሉ። በማንጎ ወራት አንድ ማንጎ ከጥራጥሬ ወጥ በኋላ መብላት ከሻይ እጅግ የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአኩሪ አተር አይገኝም፤ ይኸውም ቫይታሚን ቢ-12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ በጾምም ሆነ በገንዘብ እጥረት ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት ምግብ የራቀ ሰው፣ በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተት ወይም በቀይ ባሕር ዳርቻና በፋራሳን ደሴቶች አካባቢ በብዛት የሚጠመደውን ዓሣ ማካተት ይኖርበታል።

ከሱቁ እስከ ድስቱ

አኩሪ አተር በጥሬው አይበላም። ጥሬው እህል የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው ሆድ ያሳምማል፤ በሚገባ ሲበስል ወይም ሲቆላ ግን ይህ ይወገዳል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀቀል የሚጠላውን የጥሬ አተር ሽታ ይቀንሳል፤ የሆድ መነፋትንም ያቀልላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው በጥቂቱ ቢጀምር ሆዱ ይለምደዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪው ቤት ቀላሉ መንገድ ሽሮ ነው። የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር ከአራት እጅ ሽሮ ጋር አንድ እጅ ቢቀላቀል የሽሮው ጣዕም ብዙም ሳይለወጥ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። የአኩሪ አተር ዱቄት ግን ዘይት ስላለው በጂዛን ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ይሻግታል፤ ጥቂት ጥቂት እየተፈጨ፣ በደንብ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሻጋታ የታየበት ወይም ሽታው የተለወጠ ዱቄት መጣል አለበት፤ መቀቀል የሻጋታን መርዝ አያጠፋም።

የሶያ ስም የተጻፈበት ሁሉ ጤና አይሰጥም። የሶያ ስጎ ፕሮቲኑ ኢምንት፣ ጨዉ ግን ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይመክራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሶያ ስጎ ከዚህ ግማሽ ገደማውን ይይዛል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። የሶያ ዘይትም ዘይት ነው፤ ደጋግሞ የጠቆረ ዘይት ላይ የተጠበሰ ምግብ በስሙ ምክንያት ጤናማ አይሆንም። የሶያ ወተት ለሚገዛም ስኳር ያልተጨመረበትንና ካልሲየም የታከለበትን መምረጥ ይበጃል፤ የላም ወተት ሆዱን ለሚረብሸው ሰው ጥሩ አማራጭ ነው።

አኩሪ አተር ያልተገኘ እንደሆነም ጭንቅ የለም። ምስርና ሽምብራ በየሱቁ አሉ፤ ከላይ ከተጠቀሱት ጥቅሞች አብዛኞቹም በእነርሱ ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2016ን የጥራጥሬ ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ በኋላም የካቲት መጀመሪያ ላይ የሚውለውን የዓለም ጥራጥሬ ቀን ሲያጸድቅ ያሰበው አንዱን ዘር ነጥሎ አልነበረም።

ከግል ምርጫ ባሻገር

ሳዑዲ ዓረቢያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአመጋገብ ጉዳይን የመንግሥት ሥራ አድርጋ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በጉልበት ሰጪ መጠጦች ላይ 100 በመቶ፣ በለስላሳ መጠጦች ላይ 50 በመቶ ግብር ተጣለ፤ በ2019 መጨረሻም ስኳር የተጨመረባቸው ሌሎች መጠጦች ተካተቱ። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ምግብ ቤቶች የምግባቸውን የካሎሪ መጠን በዝርዝራቸው ላይ እንዲያሰፍሩ ተደረገ። በፋብሪካ የሚጠነክር ዘይትን በመከልከል በወሰደችው እርምጃም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቅና ከሰጣቸው አምስት አገሮች አንዷ ሆናለች።

እነዚህ እርምጃዎች ጎጂውን ነገር ለመቀነስ ያለሙ ናቸው። በጎደለው ቦታ የሚተካው ግን በየመኖሪያው የሚወሰን ነው። በሙቀት ቀን ድካሙን በጉልበት ሰጪ መጠጥ የሚያሸንፍ ሠራተኛ ግብሩን ከኪሱ ይከፍላል፤ ድካሙ ግን ከምግብና ከውኃ እጥረት የመጣ ከሆነ መጠጡ አያድነውም። በበጋ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በቀጥታ ፀሐይ ሥር ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሥራት የተከለከለው የሰው ጉልበት ልክ ስላለው ነው። ያ የዕረፍት ሰዓት ውኃና ጥራጥሬ ያለበት ምሳ ሲጨመርበት ትርጉሙ ሙሉ ይሆናል።

አሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። ለሠራተኞቹ በጋራ ምግብ የሚያቀርብ ድርጅት በሳምንት ጥቂት ቀን ምስር ወይም አኩሪ አተር ቢያስገባ ወጪው ከሥጋ ያነሰ፣ ትርፉም በሠራተኛው ጤንነት የሚታይ ነው። በቤት ሠራተኞች ውል ምግብ በተለምዶ የአሠሪው ኃላፊነት ነው። ሆድ ሞላ ማለት ደግሞ በቂ ምግብ ተገኘ ማለት አይደለም። ሠራተኛዋ ከሩዙ ጋር ጥራጥሬ እንዲገዛላት በትሕትና መጠየቋ ነውር የለውም፤ ብዙ ቤተሰቦችም ሲነገራቸው የሚከብዳቸው ነገር አይደለም።

የድንበሩ አካባቢ ረጅምና አድካሚ ጉዞ አድርገው፣ ቀናትን በረኀብና በጥማት ያሳለፉ ሰዎች የሚታዩበት መሆኑም አይዘነጋም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀበል ወገን ከርኅራኄ የተነሣ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ያቀርባል፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልብም ሊታወክ ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ለስላሳ ምግብም በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ትክክለኛው እርዳታ ነው። አኩሪ አተርም ሆነ ሌላ ጠንካራ ምግብ የሚመጣው ሰውነቱ ሲያገግም ነው። የጤና ምክር የሚፈልግ ሁሉ በሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የ937 የስልክ መስመር መጠየቅ ይችላል።

አኩሪ አተር እንግዲህ ተአምረኛ መድኃኒትም፣ የሚያስፈራ መርዝም አይደለም። በአግባቡ ሲበስል የሩዝና የዳቦ ማዕድን ጉድለት የሚሞላ፣ ስብ የበዛበትን ሥጋ የሚተካ፣ ለኪስ የሚቀልል ጥራጥሬ ነው። ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሰው ዋና ሀብቱ ጤናው ነው። ያ ጤና ሲታወክ የሚቋረጠው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ሳይሆን በሩቅ የሚጠባበቅ ቤተሰብ ጉርስ ጭምር ነው። ከሚላከው ገንዘብ ላይ ለአንድ ኪሎ ምስር ወይም ለአንድ ከረጢት ሶያ የሚነሣው ጥቂት ሪያል ያንን ጉርስ የሚጠብቅ ወጪ ነው።